ከጦሳ ጀርባ የከለልነው ሸንተረር ለምን በ2 ዓመቱ ተከፈተ? ደሴ፣ ኮምቦልቻና ዙሪያዋ ያላችሁ ሐሳብ ስጡኝ

የጦሳ ልጅ | መስከረም፣ እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ደሴ ነው። የእናቴ አገር ግን ከጦሳ ተራራ ጀርባ ነው፣ ደሴ ዙሪያ ወረዳ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ ነበር የማሳልፈው። አክስቴ አሁንም እዚያው ናት። ከቤቷ በላይ አንድ ሸንተረር አለ። ድሮ ከብት ይውልበት ነበር። እየቆየ ድንጋዩ አገጠጠ። ሣሩም ሄደ፣ አፈሩም ሄደ።

ከ3 ዓመት በፊት፣ በጥርና በየካቲት፣ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ወጣ። እርከን ተሠራ፣ ክትር ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን ተባለ። በመጀመሪያው ክረምት ሄጄ አይቼዋለሁ። ሣሩ ጉልበቴ ድረስ ይመጣ ነበር። ከክትሩ በላይ ደለል ሞልቶ ጠፍጣፋ መሬት ሠርቷል። አክስቴ እጄን ይዛ ወስዳ አንድ ድንጋይ ሥር አሳየችኝ። ውሃ ይንጠባጠባል። «ይህ ምንጭ አንተ ሳትወለድ ነው የደረቀው» አለችኝ።

በ2ኛው ዓመት በሬ ገባ። መጀመሪያ ማታ ማታ። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ሁሉም ለቀቀ። ባለፈው ሐምሌ ስሄድ እርከኑ 4 ቦታ ላይ ተበጥሷል። ጎርፉ በዚያው ወርዶ የአክስቴን የባቄላ ማሳ ለሁለት ከፍሎታል። ቦረቦሩ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ደረቴ ድረስ ነው። ግድግዳው ላይ የአፈሩ ንብርብር ይታያል። ከላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከዚያ ድንጋይ። ያ ሁሉ ቤተሰብ የሚኖረው በዚያች አንድ ስንዝር በማትሞላ አፈር ነው።

ማን ወሰነ ብዬ ጠየቅኩ። ቦታው ይከለል የተባለበት ስብሰባ የተደረገው ሰኞ ቀን ነበር። ሰኞ ደግሞ ገበያ ነው። ሴቶቹ ደሴ ወርደዋል። እረኞቹ ከከብት ጋር ናቸው። መሬት የሌላቸው ወጣቶች «እኛን ምን አገባን» ብለው ቀርተዋል። የተገኙት እጃቸውን አወጡ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ አለቀ። ሪፖርቱ ላይ «ባለድርሻ አካላት ተሳትፈዋል» ተብሎ እንደተጻፈ አልጠራጠርም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ተከልሎ የጸና፣ 5 ወይም 10 ዓመት የቆየ ቦታ የምታውቁ አላችሁ? እዚያ ማን ተጠየቀ? እንዴት ተጠየቀ?

ዲኤ የነበርኩ | እሑድ ማታ

ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ ስታወራ እኔ የሠራሁበትን ቀበሌ ያየሁ መሰለኝ። ደቡብ ወሎ ውስጥ 9 ዓመት የልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ነበርኩ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ።

እንዴት እንደሚታቀድ ልንገርህ። ቁጥር ከላይ ይወርዳል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ፣ ይህን ያህል ሰው። እኔ ቀን ገመድና ውሃ ልክ ይዤ መስመር አወጣለሁ። ማታ ሰው እቆጥራለሁ። «ተሳትፎ» ለእኛ የወጣው ሰው ብዛት ነበር። አካፋ የያዘ ሁሉ ተሳትፏል። አካፋ የያዘው ሰው ስለ ቦታው ምን እንደሚያስብ የሚሞላበት ቅጽ ግን አልነበረኝም።

ሕዝቡ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ወጥቷል። ያን ጉልበት አላቃልለውም። በብርድ፣ ያለ ክፍያ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሽቅብ የወጣ ሕዝብ ነው። ግን እርከን በየካቲት አያልቅም። ክረምት ላይ አንድ ቦታ ሲናድ በዚያው ሰሞን መጠገን አለበት። እርከን የሌለው ተዳፋት ውሃውን በትኖ ነው የሚያወርደው። የተናደ እርከን ግን ውሃውን ሰብስቦ በአንድ በር ይለቀዋል። የአክስትህን ማሳ የከፈለው እሱ ነው። ታዲያ ሐምሌ ላይ ማን ይጠግነው? ዘመቻ የለም፣ ሁሉም እርሻ ላይ ነው። የሚጠግነው «ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው ብቻ ነው።

እኔ ዘግይቼ የተማርኩትን ልንገርህ። ባለድርሻ ስትቆጥር ከሚጠቀመው አትጀምር። ከሚጎዳው ጀምር። ቦታው ሲዘጋ ነገ ጠዋት ከብቱን የት እንደሚያውል የማያውቀው ማን ነው? ስሙን እወቅ። ቤቱ ድረስ ሂድ። ስብሰባ ላይ አይናገርም፣ ቤቱ ግን ይነግርሃል።

የአባባ ጸሐፊ | ሰኞ ጠዋት

ይህን ውይይት ለአባቴ አነበብኩላቸው። ኩታበር ነው ያሉት፣ አርጅተዋል። ያሉትን እንዳለ ልጻፍ።

«በ1977 እህል ለሥራ ነበር። የቀኑ 3 ኪሎ ስንዴ ነው፣ ዘይት አለበት። ያንን ድንጋይ የተሸከምነው ለተራራው ብለን አይደለም፣ ለልጆቻችን ነፍስ ብለን ነው። ሥራው ግን ጥሩ ነበር። ጥዱም ባሕር ዛፉም ያዘ፣ ጫካ ሆነ። ስሙ የመንግሥት ደን ነበር። ደረቅ እንጨት ስትለቅም ጥበቃው ማጭድህንና ገመድህን ይቀማሃል። በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ ጥበቃው ሄደ። በማግስቱ ምሳር ያልያዘ አልነበረም። እኔም ወጣሁ። ለቤቴ ምሰሶ 3 ግንድ ቆረጥኩ። ምሰሶው ዛሬም ቤቴን ይዟል፣ ሳየው ግን ደስ አይለኝም። የእናንተ ነው ያለን ሰው አልነበረም። የእናንተ ቢሉን ኖሮ፣ ሊቆርጥ የመጣ ወንድሜ እንኳን ቢሆን እጣላው ነበር።»

አባባ ይህን ብለው ዝም አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ዲኤ የነበርኩ | ሰኞ ጠዋት

አባታችንን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ዕድሜ ይስጣቸው። ምናልባት 30 ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ የለም።

የሆጤዋ | ሰኞ ማታ

እንኳን ጻፍክ የጦሳ ልጅ። ሁላችሁም የዘለላችሁትን አንድ ነገር ላንሣ።

ልቅ ግጦሽ ይቅር፣ አጭዶ መመገብ ይልመድ ይባላል። እኔም እደግፋለሁ። ግን አጫጇ ማን ናት? እህቴ ገጠር ናት። ሸንተረሩ ሳይከለል በፊት ልጇ ጠዋት ላሚቱንና ጥጃዋን ነድቶ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ከተከለለ በኋላ ላሚቱ ደጅ ታስራ ዋለች። ሣሩን የምታመጣው እህቴ ሆነች። በቀን 2 ሸክም። ነሐሴ ላይ አብሬያት ወጥቻለሁ። እርጥብ ሣር ያለ ልክ ይከብዳል። ገመዱ ደረቷን ይዟት፣ ውሃው በጀርባዋ እየወረደ፣ በዚያ የሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ በቀስታ ትወርዳለች። ቤት ስትገባ ደጅ ሙሉ እበት ይጠብቃታል። ውሃም ለላሚቱ መቅዳት አለባት፣ ድሮ ላሚቱ ራሷ ወንዝ ወርዳ ነበር የምትጠጣው።

ይህን ሁሉ ተሸከመች። በኅዳር ሣሩ ሲደርስ ግን ለጨረታ ወጣ። የገዛው ከብት የሚያደልብ ነጋዴ ነው። ብሩ ለቀበሌ ልማት ይውላል ተባለ። እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ሸንተረሩን ስትጠብቅ ትውላለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

ስብሰባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተብሎ ሲጠራ ሴት አትምጣ ማለት ነው። ሴቶችን መጠየቅ የፈለገ ቡና ላይ ይምጣ። በአቦል የማይነገረው በበረካ ይነገራል። እኔ ቡና ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ወደ ምንጩ የምንሄድበት መንገድ አይዘጋ። ደረቅ እንጨት ይፈቀድ። ሣሩ ለየቤቱ በዕጣ ይከፋፈል፣ ባሏ የሞተባትም ትግባ። ይኸው ነው። ብር የጠየቀች የለችም።

ቦርከና ዳር | ሰኞ ማታ

ጥያቄ አለኝ። እኛ ኮምቦልቻ ያለነው ባለድርሻ ነን ወይስ አይደለንም? ማንም ጠርቶን አያውቅም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እኛ ወደ 1,850 ላይ። በመሐል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐረጎ ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደፈነው ለዚህ ነው። ያን ያህል ቁልቁል የሚወርድ ውሃ ባዶውን አይመጣም። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በእኛ በኩል አልፎ ወደ ጨፋ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከሁለቱም ወገን ካለው ተራራ የሚታጠበው ወደሱ ነው የሚገባው።

አንድ ነሐሴ ሌሊት ጎርፉ ሱቄ ውስጥ ገባ። ሲነጋ በሩን ስከፍት ጭቃው እስከ ሁለተኛው መደርደሪያ ደርሶ ነበር። ከወንድሜ ጋር ሆነን 2 ቀን በአካፋ አወጣን። ጭቃው ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው። አያቴ ገበሬ ነበሩ፣ የዚህ ዓይነቱን አፈር አውቀዋለሁ። የአንድ ሰው የገብስ ማሳ ነው እኔ ሱቅ የገባው። እኔ አውጥቼ መንገድ ዳር ደፋሁት፣ ገልባጭ መጥቶ ወሰደው። ላይ ያለው ሰው ራበው፣ እኔ ከሰርኩ። ከዚህ ማንም አላተረፈም።

ስለዚህ ለምን ገበሬው ብቻ ይሸከማል? እዚህ ከተማ ውስጥ በየክረምቱ ቦይ ይጠረጋል፣ የተናደ ድልድይ ይጠገናል። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ከዚያ በፊት የነበሩ ፋብሪካዎችም አሉ። ሁሉም ውሃ ይፈልጋል፣ ሁሉም ጎርፍ ይፈራል። ለቦይ ጠረጋ ከሚወጣው ጥቂቱ ሽቅብ ቢሄድ፣ ያን ሸንተረር የሚጠብቅ ሰው ደሞዝ ይሆን ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝ። ተጠይቄ ብሆን በደስታ አዋጣ ነበር።

ሕግ ይከበር | ማክሰኞ

ሁላችሁም ልባችሁ ቅን ነው። ግን ሁሉን ሰው ሲያማክሩ ክረምቱ ይገባል። ተራራው አይጠብቅም። ደንብ አለ፣ ያጠፋ ይቀጣ። አንድ ሁለት በሬ ቢታሰር ሌላው ይማራል።

ዲኤ የነበርኩ | ማክሰኞ

ስም ያወጣኸውን አከብራለሁ፣ ሕግ ያስፈልጋል። ግን በሬ አስሬ አውቃለሁ። 4 በሬ አንድ ቀን አሰርኩ። የአንዱ ባለቤት ማታ መጥቶ ምንም አልተናገረኝም፣ እዚያው ደጅ ቁጭ አለ። ለዘር የሚያርስበት ሳምንት ነበር። ፈታሁለት። ከዚያ በኋላ ማንም በሬ ሲገባ አልነገረኝም። ጠባቂው ራሱ የባለበሬው የአጎት ልጅ ነው፣ በማን ላይ ይመስክር? ሰው ራሱ ያላወጣውን ደንብ በጎረቤቱ ላይ አያስፈጽምም።

አፈር ለካሁ | ማክሰኞ ማታ

ተማሪ ነኝ። ከቁጥሩ በኩል ትንሽ ላግዛችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከደሴ ወጣ ብሎ ማይባር የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር የተጀመረ ነው። ትንሽ ተፋሰስ ይዘው ዝናቡንና ወንዙ ይዞት የሚወርደውን አፈር ለኩ። የአገሪቱ የአፈር መሸርሸር ሲጠና እንዲህ ካሉ ጣቢያዎች የተገኘው ልኬት ነው መነሻው። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ያወጡት ግምት ታዋቂ ነው። ከታረሰ ደጋ መሬት በዓመት፣ በአማካይ፣ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል።

42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ገብስ እንደሚሰጣችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። በጥልቀት ሲሰላ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የጦሳ ልጅ፣ አክስትህ ማሳ ላይ ያየኸው ጥቁር አፈር አንድ ስንዝር አይሞላም ብለሃል። ስንዝር 20 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በዚህ አካሄድ 50 ዓመት አይቆይም። ያውም ቦረቦሩን ሳንቆጥር።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1997 የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይደረግበትም ይል ነበር። ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ነው የተተወው። 60 በመቶ ማለት 100 ሜትር ወደፊት ስትሄድ 60 ሜትር ሽቅብ የምትወጣበት ነው። ከጦሳ ጀርባ ያለው ብዙው እንዲህ ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ ለመኖና ለዛፍ ይዋል ነው ያለው። ማን ያልማው የሚለው እዚያው ካለው ሰው ጋር ተነጋግሮ የሚፈታ ነው።

ያልደረሰኝ | ረቡዕ

«መሬት የሌላቸው ወጣቶች እኛን ምን አገባን ብለው ቀሩ» ተባለ። እኔ ከነሱ አንዱ ነኝ፣ ቀበሌው ቢለያይም።

የተወለድኩት በ1990 ነው። መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተደለደለው እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ ያለው 3 ጥማድ የማትሞላ ናት፣ 5 ልጆች ነን። በመሬት ጉዳይ ስብሰባ ስጠራ ምን ብዬ ልናገር? መሬት የለኝም እኮ። ሲቆፈር ግን መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ፣ ጉልበት አለኝ።

14 ሆነን ተደራጀን። የተከለለውን ሸንተረር ስጡን፣ ሣሩን እንሸጣለን፣ ንብ እናረባለን፣ እርከኑን እኛ እንጠግናለን አልን። በቃል እሺ ተባልን። ወረቀት ግን አልተሰጠንም። ቀፎ አወጣን፣ 11 ቀፎ። በጥቅምት አበባው ሲወጣ ንቡ ያን ሸንተረር ሲያጮኸው መስማት ነበረባችሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። «ይህ የአባቶቻችን ግጦሽ ነው፣ ማን ሰጣችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም፣ ወረቀት የለማ። ቀፎውን አወረድን። 3 ጓደኞቼ ጅቡቲ በኩል ሄዱ።

ሽማግሌዎቹን አልጠላቸውም። እነሱንም ማንም አልጠየቃቸውም። አንድ ባለሙያ እኛን ለብቻ አናገረ፣ እነሱን ለብቻ አናገረ፣ ለሁላችንም እሺ አለ። አንድ ላይ አስቀምጦ ቢያናግረን ኖሮ ምናልባት እንስማማ ነበር።

የጦሳ ልጅ | ረቡዕ

ወንድሜ፣ ያን «እኛን ምን አገባን» የሚለውን ስጽፍ እንዲህ አልገባኝም ነበር። ይቅርታ። የቀፎውን ነገር ሳነብ አዘንኩ።

የቅሬ ጸሐፊ | ሐሙስ ማታ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የጸና ቦታ አለ ወይ ላልከው፣ አለ። የእኛ 8ኛ ዓመቱን ይዟል። ወደ ሐይቅ በሚወስደው በኩል ነው፣ ቦታውን በስም ባልጠራው ይሻላል።

የእኛም መጀመሪያ በዘመቻ ተከልሎ በዓመቱ ተከፍቷል። ልክ እንደናንተ። በኋላ ነገሩን የያዘው ቅሬው ነው። ወሎ ላልሆናችሁ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት ነው። ሰው ሲሞት ሁላችንም እንቀብራለን። ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት ይቻላል፣ ከቅሬ መቅረት ግን አይቻልም። ነገ ማን ይቀብርሃል?

አንድ ክረምት ጎርፍ የመቃብር ቦታውን ነካው። ያኔ ነው ሁሉም የደነገጠው። ኢማሙም ቄሱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሕዝቡን አናገሩ። ከዚያ ውይይቱ 4 ሳምንት ፈጀ። ረጅም ነው፣ ሕግ ይከበር ያልከው ወንድሜ ልክ ነህ። ግን 4 ሳምንት ፈጅቶ 8 ዓመት ቆየ።

ምን ወሰንን? ሁሉንም አንዴ አንዝጋ አልን። ይህ ነው ትልቁ ነገር። ሸንተረሩን ለ3 ከፈልነው። ከላይ ያለውን ዘጋን፣ ሌላው ለከብት ተተወ። የላይኛው ሣር ሲሰጥ ሁለተኛውን ዘጋን። ከብት የበዛበት ሰው 2 ሸጦ 1 የተሻለች ላም ለመግዛት ጊዜ አገኘ። ሣሩ በኅዳር በዕጣ ይታጨዳል። አቅመ ደካማ የሆነውን ወጣቶች በደቦ ያጭዱለታል። የገባ በሬ ቅጣቱ ለቅሬው ሣጥን ነው። ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ ግን በቀብር ቀን ሁሉም ባለበት ነው የሚነበበው። ከብሩ ይልቅ እሱ ያማል። እስከ ዛሬ የተነበበው 5 ጊዜ ነው፣ አንዱ የእኔ ታላቅ ወንድም ነበር። ከፍሏል።

ጥገናው ሐምሌ ላይ ነው። ቀብር የወጣ ሰው ሲመለስ በሸንተረሩ በኩል ያልፋል፣ የተናደ ካለ እዚያው ድንጋይ ይመልሳል። ደንብ ላይ ያልጻፍነው ነገር ነው፣ ልማድ ሆኖ መጣ።

የሆጤዋ | ሐሙስ ማታ

ደስ የሚል ነው፣ አላህ ያጽናላችሁ። ግን ልጠይቅ። ቅሬ ውስጥ የተመዘገበው አባወራው ነው። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ድሃ ደግሞ አለ። ሴቶቹ በውይይቱ ነበሩ? ከቅሬ ውጭ ያለው ሰው ሣር ይደርሰዋል?

የቅሬ ጸሐፊ | አርብ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ልደብቅሽ አልችልም። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶች አልነበሩም። ሣሩን በዕጣ ስንከፍል ባሎቻቸው የሞቱ 6 ሴቶች አልተጠሩም። ከነሱ አንዷ ወደ ኢማሙ ሄዳ ተናገረች። ኢማሙ አርብ ከሶላት በኋላ በሰው ፊት አነሡት። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። በሁለተኛው ዓመት በቅሬ ይኑርም አይኑርም፣ ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ ዕጣ ይግባ ተባለ። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድም ያኔ ነው የተከፈተው፣ አንቺ ያልሽው ነው። ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ያለው ግን እስካሁን አልተፈታም። የኛ ሲዘጋ የተወሰነ ከብት ወደነሱ ሄዷል። ቅር ብሏቸዋል፣ እውነትም አላቸው።

ያልደረሰኝ | አርብ

ወጣቶቹስ? ደቦ ከማጨድ ሌላ ምን አገኙ?

የቅሬ ጸሐፊ | አርብ

ሦስተኛው ክፍል የእነሱ ነው፣ ችግኝና ቀፎ። የቅሬው ቃለ ጉባኤ ላይ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበታል። የመንግሥት ወረቀት ገና ነው። እየተጠየቀ ነው። ይህ ያሳስበኛል፣ የኛ ፊርማ እኛ እስካለን ድረስ ነው።

የጦሳ ልጅ | ጥቅምት፣ እሑድ ማታ

ጠፍቼ ነበር። ቅዳሜና እሑድ አክስቴ ጋ ነበርኩ።

ዲኤ የነበርከው ወንድሜ እንዳልከው፣ መጀመሪያ በሬ ያስገባው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። አክስቴ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ቡናው ሲደጋገም ነገረችኝ። ጎረቤቷ ነው። ቤቱ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ በበቅሎው ያስቀመጠኝ ሰውዬ ነው፣ ወዲያው አወቀኝ። 2 በሬና 1 ላም አለው። መሬቱ ጥግ ላይ ናት፣ ሣር የሚበቅልባት ድንበር እንኳን የላትም። ሸንተረሩ ሲዘጋ ለአንድ ዓመት ጭድ ገዛ። ለጭድ ብሎ በግ ሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጥ በግ አልነበረም። «ልጄ፣ በሌሊት እየነዳሁ ስወስደው እንደ ሌባ ነበር የሚሰማኝ። ግን በሬዬ ከወደቀ እኔም ወደቅሁ» አለኝ። እሱም እኮ ድንጋይ ተሸክሟል። አንዱን እርከን የሠራው እሱ ነው፣ የቱ እንደሆነ በጣቱ አሳየኝ።

ለሁለት እንክፈለው፣ ግማሹ ክፍት ይሁን ቢባልስ አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሽቅብ አየ። «ከታች ያለው ለከብት ይቅር፣ ከምንጩ በላይ ያለው ይዘጋ። ምንጩን እኔም እፈልገዋለሁ» አለ። ይህን ከ3 ዓመት በፊት የጠየቀው የለም።

አክስቴና 4 ሴቶች ለኢማሙና ለቄሱ ሊነግሩ ነው። የቅሬው ሰብሳቢ እሺ ብለዋል። የሚሰበሰቡት በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሰኞ አይሆንም ተብሏል። ወጣቶቹን የማመጣው እኔ ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ አብሮኝ ይዞራል። ያልደረሰኝ ወንድሜ፣ ብትመጣና የቀፎውን ነገር ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። ዲኤ የነበርክ፣ ውሃ ልክህ አለ? የተበጠሱትን 4 ቦታዎች ከበልግ በፊት መጠገን አለብን።

ዲኤ የነበርኩ | እሑድ ማታ

ውሃ ልኩ ቤት አለ። ገመዱ አርጅቷል፣ አዲስ እገዛለሁ። ሳትነኩት ጠብቁኝ፣ መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበትን ቦታ ማየት አለብን።

ያልደረሰኝ | እሑድ ማታ

እመጣለሁ። 2 ቀፎ አለኝ፣ ባዶ ነው። ይዤ ልምጣ?

የጦሳ ልጅ | እሑድ ማታ

ቀፎውን አሁን አታምጣ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይስሙ። ከተስማሙ አብረን እናወጣዋለን።

ቦርከና ዳር | ሰኞ ጠዋት

እኔም ልምጣ? የምናገረው ብዙ የለም። ሱቄ የገባውን ጭቃ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ከዚህ መንገድ ላይ ካሉ ነጋዴዎች 7 ሰው ለጥበቃው ደሞዝ እናዋጣለን ብለዋል፣ ለስንት ወር እንደሆነ ገና አልተነጋገርንም።

የጦሳ ልጅ | ሰኞ ጠዋት

ና። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ። ጫማ አጥብቅ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።